ከላይ ስም አይጠራም

ጋሽ ገብረወልድ ገመድ አይዙም። ቦንጋ ውስጥ በውሃ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለምን እንደማይዙ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሁለት ነው፣ ፎርማን ናቸው፤ ፎርማን ደግሞ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ያዛል እንጂ አይወርድም። እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ከጎረምሶቹ ቀድመው ይወርዳሉ። "እባክዎ አንድ ቀን እንኳ ከላይ ይሁኑ" ሲባሉ "ከላይ ፀሐይ ነው" ይላሉ። ቦንጋ ላይ ፀሐይ! የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን በማይደርቅበት አገር ተቀምጦ ፀሐይ የሚሸሽ ሰው ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

እኔ እስክንድር እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ፣ የውሃ መሐንዲስ። በ1996 ዓ.ም. ተመድቤ ቦንጋ ስገባ ጉድጓድ የማውቀው በወረቀት ላይ ነበር። በወረቀት ላይ ጉድጓድ ክብ ነው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ውስጡም ሰው የለም። ሰው እንዳለበት ያስተማሩኝ ጋሽ ገብረወልድ ናቸው።

የካፋ ቀይ አፈር ጥብቅ ነው። የእጅ ቆፋሪ መሰላል አይፈልግም። ወደ ታች በወረደ ቁጥር በቀኝና በግራ ግድግዳው ላይ የእግር ጣት የሚይዝ መርገጫ ይፈለፍላል፤ ሲወጣ አንዱን እግሩን እዚህ፣ አንዱን እዚያ እያደረገ፣ ጭኑን ከፍቶ ይወጣል። ስለዚህ ጉድጓዱ ከቆፋሪው እግር በላይ አይሰፋም። እኔ በሜትር ስለካ ጋሽ ገብረወልድ በጭናቸው ይለኩ ነበር። የእሳቸው ልክ ተሳስቶ አያውቅም፤ የእኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፣ ሁለተኛውን ለማንም አልተናገሩብኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥፋት አጠፋሁ። እሳቸው ስምንት ሜትር ታች ሳሉ ቢሮ ተፈልገው ነበርና ጎንበስ ብዬ "ጋሽ ገብረወልድ!" ብዬ ተጣራሁ። ትንሽ ቆይቶ ራሳቸው ወጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ክንዴን ይዘው ከጠርዙ ራቅ አደረጉኝ። "ከላይ ስም አይጠራም" አሉኝ። "ስሙን የሰማ ቀና ይላል። ቀና ያለ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባውን አንተ አታውቅም። ገመድ አለልህ።" የገመዱን ቋንቋ ያን ዕለት ተማርኩ፤ አንድ ጊዜ ጎተት ማድረግ ባልዲው ይነሣ ማለት ነው፣ ሁለት ጊዜ ልወጣ ነው። አንድ ጊዜ ለስለስ አድርጎ ረዘም ያለ መሳብ ደግሞ ከላይ ያለው ሰው "ደህና ነህ ወይ?" የሚልበት ነው፤ ከታች ያለውም እንደዚያው አድርጎ ይመልሳል። ዓይን የሚሉትን ነገር የሽማግሌ ጥንቃቄ አድርጌ አለፍኩት።

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አብሮን ይሠራ ከነበረ የጣሊያን ተራድኦ ድርጅት ደብዳቤ መጣ። በአገራቸው ስላሉ ጥንታዊ ጉድጓዶች የሁለት ሳምንት ሥልጠና አለ፤ ሁለት ሰው ላኩ፤ አንዱ መሐንዲስ ይሁን፣ ሌላው ግን በገዛ እጁ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው መሆን አለበት ይላል። በዚያ ሳምንት በቢሯችን የቆፋሪው ብዛት! ከኮምፒውተር ሌላ ነገር ነክቶ የማያውቅ ሰው መዳፉን እያሳየ መጣ። ሒሳብ ሹሙ ሳይቀር በልጅነቱ የቆፈረው ጉድጓድ ትዝ አለው። መቼም የሰው እጅ በአንድ ደብዳቤ እንደዚያ ሲሻክር አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ዕጣው ወደ ባለቤቱ፣ ወደ ጋሽ ገብረወልድ ሄደ።

ባለቤቱ ግን አልሄድም አሉ። "እዚያ ሄጄ ምን ላደርግ? አንድ ቃል አልሰማቸው" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ኤትሩስካን የሚባሉ ሰዎች እንደሆኑ፣ ከሮማውያን በፊት እዚያ አገር ላይ ይኖሩ እንደነበር፣ ዛሬ ዘራቸውም ቋንቋቸውም እንደጠፋ፣ ጉድጓዱ ብቻ እንደቀረ ነገርኳቸው።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሁለት ሺህ አራት መቶ ይሆነዋል።"

"አልተደረመሰም?"

"አልተደረመሰም።"

"እንግዲያ ልየው" አሉ።

ከሮም በባቡር ሄደን፣ ገደል አናት ላይ የተቆለለች ትንሽ ከተማ ገባን። ብርዱ አጥንት ይበሳል። ጋሽ ገብረወልድ ካፖርት ተውሰው ለብሰዋል፤ እጅጌው ጣታቸውን ይሸፍናል። የሥልጠናውን ንግግር በሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው ሰሙ፤ እኔ ስተረጉምላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ምን ያህሉ እንደገባቸው ግን እንጃ። በአራተኛው ቀን ወደ ጉድጓዱ ወሰዱን።

መግቢያው በአንድ አሮጌ ቤት ምድር ቤት በኩል ነው። ለጎብኚ የብረት ደረጃ ሠርተውለታል። ከእኛ ሌላ ባልና ሚስት ጀርመኖችና ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ። ወረድን፤ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል፣ ከሆነ ቦታ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አስጎብኚዋ መብራት ስታበራ ጉድጓዱ ከእግራችን ሥር ወደ ታች ተዘረጋ፤ ሃያ አምስት ሜትር ይሆናል፣ ጠባብ፣ በለስላሳ አለት ውስጥ የተፈለፈለ። በቀኝና በግራ ግድግዳው ላይ፣ እርስ በርስ ትይዩ፣ የእግር መርገጫ እስከ ታች ይወርዳል።

እኔ ገና "ጋሽ ገብረወልድ፣ አዩ?" ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ጫማቸውን እያወለቁ ነበር። ካልሲያቸውንም አወለቁ። የጉድጓዱን አጥር ተሻግረው የመጀመሪያው መርገጫ ውስጥ የእግራቸውን ጣት ከተቱ። ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ። አስጎብኚዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀረች። እኔም በቢሮ እንግሊዝኛዬ "ልማድ ነው፣ ሥራቸው ነው፣ ይቅርታ" ስል ላብ አጠመቀኝ። እሳቸው ማንንም አልሰሙም። እግራቸውን መለሱ፣ ተንበረከኩ፣ በመዳፋቸው ግድግዳውን እየዳበሱ የመሣሪያውን ጭረት አንድ በአንድ ይመለከቱ ጀመር።

"ሁለት ሰዎች ናቸው" አሉ።

"ማን?"

"የቆፈሩት። ይኸኛው እንደኔ ነው፤ ጭረቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይወርዳል። ያኛውን እየው፤ የተገላቢጦሽ ነው። ግራኝ ነው። እየተፈራረቁ ነው የወረዱት።" አስጎብኚዋን መብራቱን ዝቅ እንድታደርገው በምልክት ለመኗት፤ አደረገችው። ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ተመለከቱ። "እስከ ታች ድረስ የሁለቱም አለ። እነዚህ አልተለያዩም። እስከ ውሃው አብረው ናቸው" አሉና ድምፃቸው ተሰበረ።

ለአስጎብኚዋ ተረጎምኩላት፤ ድምፁን ብቻ ተውኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ስታስጎበኝ ይህን የነገራት እንደሌለ ተናግራ በወረቀት ጻፈችው። ጋሽ ገብረወልድ እንደ ትልቅ ሰው የታዩበት ሰዓት ነበር፤ እኔም ኮራሁ። ታዲያ እሷም ደስ ብሏት ነው መሰለኝ፣ ለጎብኚዎች የምታደርገውን የመጨረሻውን ነገር አመጣች፤ እያንዳንዳችሁ ወደ ጉድጓዱ ስማችሁን ጥሩ፣ ጉድጓዱ ይመልስላችኋል አለች። ጀርመናዊው የሚስቱን ስም ጠራ። ስሙ ወርዶ፣ ተንከባሎ፣ ተመልሶ መጣ። ተማሪዎቹ ሳቁና ሁሉም በአንድ ላይ ይጣሩ ጀመር።

ጋሽ ገብረወልድ ክንዴን ጨብጠው "ተዉ በላቸው" አሉኝ። "እስክንድር፣ ተዉ በላቸው።" እኔም እንዴት ብዬ እንደምተረጉመው ሳስብ፣ ባዶ እግራቸውን ጫማቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ።

ውጭ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ከብርዱ የተነሣ ነጭ ሆኗል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ የሦስት ዓመት ዝምታቸውን በአንድ ቁጭታ ጨረሱት።

ጋሽ ገብረወልድ የመንዝ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ለቡና ለቀማ መጥተው ካፋ የቀሩ። ጉድጓድ መቆፈር ሲጀምሩ የጌሻ ሰው ከሆነ ፍቅሩ ከሚባል ግራኝ ጋር ተጣመሩ። አንዱ ሲቆፍር አንዱ ገመድ ይይዛል፤ ደግሞ ይፈራረቃሉ። አንዱ ቀኝ አንዱ ግራ ስለነበሩ ግድግዳቸው ሁሌም እኩል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሠላሳ አንድ ጉድጓድ። ውሃ የደረሰ ዕለት ከታች ያለው "የምሥራች!" ብሎ ይጮሃል፤ ይህን ያመጡት ከአገራቸው ከመንዝ ጋሽ ገብረወልድ ናቸው። መልሱም እንደ አገራቸው "ምሥር ብላ" መሆን ነበረበት። ፍቅሩ ግን አማርኛን በትልቅነቱ የተማረ የካፋ ልጅ፣ ካፍቾ፣ ስለሆነ ነገሩ አልዋጥ አለው። "ምስር እዚህ አገር የት አለ? ይህን ያህል ደስ ያለው ሰው ምስር ነው የሚበላው?" ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ከላይ ሲሆን መልሱ "ማር ብላ" ሆነ። ጌሻ ደግሞ የማር አገር ነው።

በኅዳር 1986 ዓ.ም. ከቢታ ገነት ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሠላሳ ሁለተኛውን ይቆፍሩ ነበር። ፍቅሩ ታች ነው፣ አሥራ አንድ ሜትር። ከፍቅሩ አገር፣ ጌሻ ውስጥ ካለችው ደካ የመጣ ነጋዴ በበቅሎ ሲያልፍ ቆመና፣ የፍቅሩ ሚስት ብርቅዬ ትናንት ሴት ልጅ መውለዷን ተናገረ። ሰባት ዓመት ሲጠብቁት የነበረ ልጅ ነው።

"ገመዱ በእጄ ነበር" አሉ ጋሽ ገብረወልድ። "በእጄ ነበር እኮ። ግን ደስታ ነዋ፣ ገመዱን ረሳሁት። 'ፍቅሩ!' ብዬ ጮህኩ። ቀና አለ። በድምፄ ደግ ነገር መሆኑን አውቆት ነበር፣ ጥርሱ ይታየኛል። ከእግሬ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ተነሥታ ሄደች። ስትሄድ አይቻታለሁ።"

አንድ ዓይኑ አልተረፈለትም። በቃሬዛ ተሸክመው ሲወስዱት አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ደካ አገሩ ገባ። አልተገናኙም።

"ቢሰድበኝ በማግስቱ እሄድ ነበር" አሉ። "የማይሰድብህን ሰው ምን ብለህ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ? ደግሞ የምሥራቹን አልነገርኩትም። ስሙን ጠርቼ እዚያው ላይ ቀረሁ። ልጅ መውለዱን ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት በቃሬዛ ላይ ሳለ አንዱ ነግሮት ይሆናል። እንደዚያ ነው እንግዲህ ሰባት ዓመት የጠበቀውን የሰማው።"

ለምን አልሄዱም ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ሄጄ አውቃለሁ አሉ፤ አምስት ጊዜ። የደካ መኪና ይሳፈራሉ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ማር የሚሸጡበት ቦታ ሲደርሱ ልባቸው ይከዳቸዋል፤ ይወርዱና አንድ ቆርቆሮ ማር ገዝተው ይመለሳሉ። ሚስታቸው ተሾመች "ባሌ ማር ሊገዛ ሄደ" ነው የምትለው። "የእኔ ቤት ማር ጠፍቶበት አያውቅም" አሉና ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

እኔም ደሴን እናፍቃለሁ። ማታ ማታ በቦንጋ ዝናብ ሥር ተኝቼ የጦሳ ተራራን ንፋስ የማስብበት ጊዜ ነበር፤ ይህን ናፍቆት ትልቅ ነገር አድርጌው ነበር። ያን ቀን በዚያ አግዳሚ ላይ አፈርኩበት። የእኔ በመኪና የሚደረስበት ነው። የሚያሳዝነው፣ የእሳቸውም በመኪና የሚደረስበት መሆኑ ነው።

ከተመለስን በኋላ ሪፖርቱን ጻፍኩ። የካቲት ላይ ጌሻ ወረዳ የሚታዩ ጉድጓዶች አሉ ብዬ የፊልድ ፕሮግራም አወጣሁ፤ ጉድጓዶቹ እርግጥ ነበሩ፣ ግን የሚታዩት ሰኔ ላይ ነበር። ፎርማን ያስፈልጋል ብዬም ፈረምኩ። ጋሽ ገብረወልድ ወረቀቱን አይተው ገባቸው። በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መኪናው አጠገብ ቆመው አገኘናቸው።

ማር የሚሸጡበት ቦታ ስንደርስ ለሾፌራችን ለሰላሐዲን "አቁምልኝ" አሉት። ወረዱ፣ አንድ ቆርቆሮ ገዙ። ከዚያ ቆርቆሮውን ታቅፈው መንገዱን ተሻገሩና በማዶ በኩል፣ ወደ ቦንጋ የሚመለስ መኪና በሚጠበቅበት ጥግ ቆሙ። ሰላሐዲን በመስታወቱ እያየ "ምን ሆነዋል?" አለኝ። ወረድኩ።

"ግራኙም ቀኙም እስከ ውሃው አብረው ነበሩ ያሉኝ እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

"እነሱ ሰው አላጠፉማ።"

"በምን ያውቃሉ? ግድግዳው ላይ አይጻፍም።"

አንድ ሚኒባስ ወደ ቦንጋ እየሄደ ቆመላቸው፣ ጠበቀ፣ ሄደ። ከዚያ ተሻግረው መኪናው ውስጥ ገቡና ቆርቆሮውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርንም፤ አንድ ዓይናውን ጉድጓድ ቆፋሪ ደካ ላይ የማያውቅ የለም። ግቢው በእንሰት የተከበበ ነው። አንዲት ጠይም፣ ረጅም ሴት ጓሮ ውስጥ በጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው ገመድ ይዘዋል። እትዬ ብርቅዬ ነበሩ። ከውሃ ቢሮ መሆናችንን ስነግራቸው፣ ጋሽ ፍቅሩ የራሳቸውን ጉድጓድ ሊጠርጉ ወርደዋል፣ በጋ ሲሆን በየዓመቱ ይጠርጉታል አሉ። እኔም የሠለጠንኩ መሐንዲስ፣ ጎንበስ ብዬ ልጣራ ስል እትዬ ብርቅዬ እጃቸውን አፌ ላይ ሊያደርሱ ምንም አልቀራቸው።

"እዚህ ከላይ ስም አይጠራም" አሉ።

ከኋላዬ የጋሽ ገብረወልድን ትንፋሽ ሰማሁ። እትዬ ብርቅዬ ያን ጊዜ ወደ እሳቸው ዘወር አሉና አዩዋቸው። ለአፍታ ያህል ተያዩ። እትዬ ብርቅዬ ቀስ ብለው ገመዱን ዘረጉላቸው።

ጋሽ ገብረወልድ የማሩን ቆርቆሮ መሬት ላይ አስቀመጡ። መጀመሪያ ተንበርክከው በሁለት መዳፋቸው የጉድጓዱን ጠርዝ ወደ ኋላ ጠረጉ፣ እያንዳንዷን ጠጠር፣ እያንዳንዱን የደረቀ አፈር። ኮታቸውን አውልቀው ጠርዙ ላይ አነጠፉ። ከዚያ ገመዱን ያዙ። አሥራ ሦስት ዓመት ገመድ ያልያዘ እጅ ነው። ለስለስ አድርገው፣ ረዘም አድርገው፣ አንድ ጊዜ ሳቡ።

ከታች የሚሰማው የአካፋ ድምፅ ቆመ።

በመጨረሻ ከታች ድምፅ መጣ፤ ያረጀ፣ ረጋ ያለ ድምፅ።

"ይህን አሳሳብ አውቃለሁ። ገብረወልድ ነህ?"

ጋሽ ገብረወልድ እንባቸው ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድ ይመስል ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ።

"ያን ቀን ስሜን ጠርተህ ዝም አልክ" አለ ድምፁ። "ምን ልትለኝ ነበር?"

"ታውቀው የለም ወይ፣ ወንድሜ።"

"ከሌላ ነው የሰማሁት። ከአንተ አልሰማሁም። ይኸው እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌያለሁ፤ ምንም አይገባም። እንደገና ጥራኝ።"

ጋሽ ገብረወልድ ኮታቸው ላይ በሆዳቸው ተኙ። ገመዱን አልለቀቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ ሰው፣ "ፍቅሩ" አሉ።

"አቤት።"

"የምሥራች። ብርቅዬ ሴት ልጅ ወለደችልህ።"

እትዬ ብርቅዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ልጅቱ ህይወት ትባላለች፤ ያን ሰዓት ትምህርት ቤት ነበረች፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከዚያ ገመዱ ለስለስ ብሎ፣ ረዘም ብሎ አንድ ጊዜ ተሳበ።

"ማር ብላ" አሉ ጋሽ ፍቅሩ።